ብሎወሩ ሲጮህ፦ አጽድቶ ዘይት መስጠት ወይስ መቀየር?

ኮምቦልቻ ላይ ሂተር ብዙም ትዝ አይልህም፣ ሐረጎን ወጥተህ ደሴ ስትገባ መስታወቱ ጉም ሲለብስ ነው ብሎወሩን (ንፋሱን ወደ ውስጥ የሚገፋውን ፋን ከነሞተሩ) የምትፈልገው፣ እሱም የዛኔ ነው የሚጮኸው። በአሮጌ ኮሮላ እኔ ማጽዳቱ ይቅደም ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ድምፁ ጠቅ ጠቅ እያለ የብሎወሩን ፍጥነት ስትጨምር አብሮ ከፈጠነ ብዙ ጊዜ ከፊት መስታወቱ ስር በአየር ማስገቢያው የገባ የባህር ዛፍ ቅጠል ነው ፋኑ ውስጥ የተሰነቀረው፣ በጋቢና በኩል ከዳሽቦርዱ ኪስ ስር ሶኬቱን ነቅለህ ብሎኖቹን በካቻቢቴ ስትፈታ የብሎወሩ ሞተር ከነፋኑ ይወርዳል፣ ቅጠሉን አራግፈህ መመለስ ነው። ሲጥ ሲጥ ካለ ደግሞ ቦኮላው (አክስሉ የሚዞርበት ቀለበት) ደርቋል፣ የስፌት መኪና ዘይት ጠብ ማድረግ፣ ደብሊውዲ የሚባለውን ስፕሬይ ግን ተዉት ያለውንም ቅባት አጥቦት ነው የሚሄደው። ዘይቱ ለጊዜው ነው፣ ብርድ ሲመጣ ሊመለስ ይችላል።

መቀየር የሚያዋጣው የብሎወሩ ሞተር አክስል በእጅ ሲወዘወዝ ከተጫወተ ወይ ካርቦኑ (ለሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያደርሰው) ካለቀ ነው፣ እዛ ላይ ዘይት ማፍሰስ ልፋት ብቻ ነው። አዲስ ካገኘህ አዲስ፣ ያገለገለ ከሆነ ግን ብር ሳትቆጥር ሱቁ በር ላይ ባትሪ አስነካና ጆሮህን አስጠጋ፣ ሶኬቱና የሚዞርበት አቅጣጫም ከአሮጌው ጋር አንድ ይሁን፣ በተቃራኒ ከዞረ ይሽከረከራል እንጂ በቂ ንፋስ አይሰጥም።