ለኮዬ ፈጬው የፎቶ ኮፒ ቤት ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ

ዘንድሮ ቤታችን ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ሰው ተገኘ። የመጀመሪያ ልጄ ናት። አባቷም እኔም ከስምንተኛ አላለፍንም። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቷ ከ50 በመቶ በላይ ሆኖ ሲመጣ እልል አልን። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደረግ ግን ማናችንም አናውቅም። በ2016 ዓ.ም. እኮ ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይሄን ሁሉ አልፋ የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ፎርም ላይ ቢበላሽባትስ?

ከመሬት ተነስቼ አይደለም የፈራሁት። የእህቴ ልጅ ሌላ ሰፈር አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ "ሙሉልኝ" አለ። ሞሉለት። የዩኒቨርሲቲ ምርጫውን ሰውየው ደስ እንዳለው ደረደረው፤ ፓስወርዱም እዚያው ቀረ። ልጁ ጉዱን ያወቀው ምደባ ሲወጣ ነው።

እኛ የሄድንበት ቤት ከታክሲ ማዞሪያው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ሥጋ ቤቱ ጎን ያለች ጠባብ ሱቅ ናት። "ሙላላት ልጄ" አልኩት። ኪቦርዱን ወደ ልጄ አዞረውና "ማዘር፣ እኔ አልነካውም። ራሷ ትሙላ፣ እኔ አጠገቧ ነኝ" አለኝ። ቅር አለኝ። ሥራ የጠላ መስሎኝ ነበር።

ወዲያው ደግሞ የተበላሸ ፎቶ ኮፒ ገልብጦ፣ እርሳስ ሰጥቶ "መጀመሪያ እዚህ ላይ በተራ ጻፊያቸው" አላት። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን አንደኛ ብላ ልትጽፍ ስትል አስቆማት። ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱ መግቢያ ፈተና አለው፣ ለብቻው ነው የሚመዘገቡት አላት። ቀጥሎ ሐዋሳን ከጅማ በላይ ጻፈች። ለምን ሲላት "ጓደኛዬ እዚያ ነው የምትሞላው።" ሳቀ። "እሷ ሌላ ቦታ ቢደርሳትስ?" ልጄ አቀርቅራ ቆየችና ላጲስ ጠየቀች።

ስሟን ከፋይዳዋና ከትምህርት ማስረጃዋ ጋር ፊደል በፊደል አስተያያት። የአያቷ ስም በእንግሊዝኛው አንዱ ላይ አንድ 'ኤች' ጎድሎ ተገኘ። እኔማ መቼ አየዋለሁ! "ዛሬውኑ ትምህርት ቤትሽ ሂጂ" ብሎ ሸኘን፤ በማግስቱ ተመልሰን ጨረስን። ፓስወርድ ስታስገባ ፊቱን ወደ ኮፒ ማሽኑ አዙሮ ቆመ። ያቺን ነገር አልረሳትም።

የኔ ጭንቀት ግን ብሩ ነበር። እንጀራ ጋግሬ ነው የምሸጠው፤ ስንት ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ ስንት ሌሊት ተገላበጥኩ። ወጪ መጋራት የሚሉትን ያስረዳኝ እሱ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ውል ይፈረማል እንጂ ብር አይቆጠርም። ከትምህርቱ ወጪ 15 በመቶውን፣ የምግብና የመኝታውን ደግሞ ሙሉውን፣ ተመርቃ ሥራ ስትይዝ ትከፍላለች። "ዕዳ ነው ማዘር፣ ግን የዛሬ አይደለም። እኔም ፈርሜያለሁ" አለኝ። ለካ እሱም ተመራቂ ነው! ደስ ልበል ልዘን አላወቅኩም።

የጎረቤቴ ልጅ ነጥብ ጎድሎበት ቤት ዘግቶ ተኝቶ ነበር። እሱንም ወሰድኩት። ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት እንዳለ፣ የመቁረጫ ነጥቡ እስኪነገር መጠበቅ እንዳለበት ነገረው። ልጁ ተነስቶ ፊቱን መታጠቡን እናቱ ነገረችኝ።

ሂሳብ ስጠይቀው የሕትመቱን 40 ብር ብቻ ተቀበለኝ። "የምክሩስ?" ስለው "እኔ የምቆጥረው ወረቀት ነው" አለ።

ከሰዓት ሰልፍ አለው፣ ጠዋት ሂዱ። እሁድ ዝግ ነው። ደግሞ ልጃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብቻችሁን ሄዳችሁ "ሙላልኝ" ብትሉት አይሞላም።