ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በባጃጅ፦ የጀጎል ግንብ የእግር ጉዞና የአስጎብኚው አገልግሎት

ጉልበቷን የሚያማትን የ67 ዓመት እናቴን ይዤ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የወጣሁት፣ ለአዛውንት እግር የሚሆን፣ ረጋ ተብሎ የሚኬድበትና ታሪክ የሚታይበት መንገድ ፍለጋ ነበር። እናቴ ሐረርን በልጅነቷ የምታውቃት በገበያዋ ነው፤ ጀጎል የሚባለውን አሮጌ ከተማ የከበበውን ግንብ ግን ከመኪና መስኮት ከማየት በቀር ጥጉን ይዛ ሄዳ አታውቅም። ስለዚህ ለግማሽ ቀን አንድ የአካባቢውን አስጎብኚ ቀጠርን። ይህን የምጽፈውም የእርሱን አገልግሎትና የመረጠልንን መንገድ ለመመዘን ነው፤ በተለይ ወላጆቻቸውን ይዘው ለመሄድ እያሰቡ «አይችሉትም ይሆን?» ብለው ለሚያመነቱ ሰዎች።

ከድሬዳዋ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል አልፎ ያደርሳል፤ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥቶ ወደ 1,900 ሜትር ስለሚጠጋ የድሬ ሙቀት የለመደ ሰው ለጠዋቱ ነጠላ ወይም ሹራብ ቢይዝ ይበጀዋል። እኛ ጎሕ ሲቀድ ተነሥተን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ከግንቡ በሮች አንዱ የሆነው ሸዋ በር ደርሰናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሌላ አስጎብኚ ጋር ጀጎልን ጎብኝቼ ነበር። ያ ሰው በሁለት ሰዓት ውስጥ ከዕቃ መሸጫ ወደ ዕቃ መሸጫ ሲያመላልሰን ውሎ፣ ስለ ግንቡ የነገረን ከሁለት ዐረፍተ ነገር አይበልጥም። በዚህ ምክንያት አሁን ከመነሣታችን በፊት ሦስት ነገር አስቀድሜ ተናገርሁ፦ ሱቅ አንገባም፤ በእናቴ እርምጃ እንሄዳለን፤ ዋጋው በሰው ሳይሆን ለሁላችንም በአንድነት ይሁን። አስጎብኚው የፈቃድ መታወቂያውን አሳይቶ ሦስቱንም ተቀበለ፤ እስከ መጨረሻውም ቃሉን ጠበቀ። ለእናቴ የነገራት የመጀመሪያ ቃል «እማዬ፣ ከደከመሽ ቀድመሽ ንገሪኝ፤ እኔ አልቸኩልም» የሚል ነበር። በእኛ በምሥራቆቹ ዘንድ «አንቺ» ቅርበት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ ለማያውቅ የመሀል አገር ሰው ይህ ያስደነግጠው ይሆናል፤ እናቴ ግን ወዲያው ልቧ ተከፈተ።

የዚህ አስጎብኚ ብልሃት ሁሉ የተገለጠው በመንገዱ አመራረጥ ላይ ነው። ጀጎል የተቆረቆረችበት መሬት በምዕራብ ከፍ ብሎ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ እየወረደ ይሄዳል። በመሆኑም ከሸዋ በር ተነሥቶ ግንቡን በግራ አድርጎ፣ በቡዳ በርና በሰንጋ በር በኩል እስከ ኤረር በር የሚሄድ ሰው በአመዛኙ ቁልቁል ይጓዛል፤ በተቃራኒው የሚመጣ ግን ያንኑ መንገድ ፀሐይ እየበረታች በሄደችበት ሰዓት ዳገት ይወጣል። የግንቡ ሙሉ ዙሪያ ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። እኛ የሄድነው የዚያን ግማሽ ያህሉን ነው፤ ከኤረር በር ወደ ላይ የተመለስነው በባጃጅ ነበር። «ቁልቁለቱን በእግር፣ ዳገቱን በባጃጅ» ያለው እርሱ ነው፤ ለአዛውንት ከዚህ የተሻለ ምክር አልሰማሁም።

ሸዋ በር ላይ ቆመን፣ ከበሩ ፊት ለፊት ገበያው ገና እየተዘረጋ ሳለ፣ የአምስቱን በሮች ስም በሁለት ቋንቋ አስጠናን። ሐረሪዎች ሸዋ በርን አስማዲን በሪ፣ ቡዳ በርን በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በርን ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በርን አርጎ በሪ፣ በሰሜን ያለውን ፈላና በርን ደግሞ አሱም በሪ ይሏቸዋል። ሐረር በር የሚባለው ስድስተኛው ለመኪና ተብሎ በኋላ የተከፈተ ስለሆነ ከጥንቶቹ አይቆጠርም። እናቴ በአማርኛ ብቻ ታውቃቸው የነበሩትን በሮች በባለቤቶቹ አንደበት ስትሰማ፣ ከዚያ በኋላ በየበሩ ስንደርስ ስሙን እየቀደመች ትጠራ ጀመር።

ግንቡን ያሠሩት በ16ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከኢማም አሕመድ ሞት በኋላ ከተማዋን የመሩት አሚር ኑር እንደሆኑ በትውፊት ይነገራል። በድንጋይና በጭቃ፣ በመካከሉ እንጨት እየገባበት የታነጸ ሲሆን፣ ቁመቱ በብዙ ቦታ 4 ሜትር ያህል ይደርሳል። በዚህ ግንብ ውስጥ በ48 ሔክታር መሬት ላይ 82 መስጊዶችና 102 የአውልያ (የቅዱሳን ሰዎች) መቃብሮች መኖራቸውን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ከተማዋን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አስፍሯል። አስጎብኚው እነዚህን ቁጥሮች በአንድ ትንፋሽ አልዘረዘራቸውም፤ ተቀምጠን ባረፍንበት ቦታ ሁሉ ጥቂት ጥቂት እያደረገ ነው የነገረን፤ አዛውንት የሚያዳምጠው እንዲህ ሲሆን ነው።

ከቡዳ በር ወዲያ ሳለን ከግንቡ ግርጌ ወደተከፈተ አነስተኛ ቀዳዳ ወሰደን። ሐረሪዎች «ወራባ ኑዱል» ይሉታል፤ የጅብ ቀዳዳ ማለት ነው። በጥንት ዘመን በሮቹ ማታ ተቆልፈው ቁልፋቸው ወደ አሚሩ ሲሄድ፣ ለጅቦቹ ግን መግቢያ ተትቶላቸዋል፤ ሌሊት ገብተው የየመንገዱን ትራፊ እያነሡ ከተማዋን ያጸዱላት ነበር። ለሰው የተዘጋ ግንብ ለጅብ ክፍት መሆኑን እናቴ ስትሰማ ረጅም ጊዜ ዝም ብላ ቀዳዳውን ተመለከተች። ሌሎች ጎብኚዎች ማታ ጅብ ሲመገብ ለማየት ብቻ ሐረር ይመጣሉ፤ እኔ ግን ይህን ቀዳዳ በቀን ብርሃን ሳያዩ የሌሊቱን ትርኢት የሚያዩ ሰዎች ዋናው ነገር ያመልጣቸዋል እላለሁ።

በሰንጋ በርና በኤረር በር መካከል ያለው መንገድ ግን አሳዝኖኛል። ከግንቡ ሥር የተጣለ ቆሻሻ ተከምሮ አፍንጫችንን ይዘን ያለፍንበት ቦታ አለ፤ አንዳንድ ስፍራ መተላለፊያው ጠብቦ ወደ አውራ መንገዱ መውጣት ግድ ይሆናል፤ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር ድረስም ለጎብኚ ተብሎ የተሠራ አንድ መቀመጫ እንኳ አላገኘንም። እናቴን ያሳረፍናት አስጎብኚው ከሚያውቃቸው አትክልት ሻጭ ሴት በተዋሰው በርጩማ ላይ ነው። ይህን ያህል ዘመን የቆመ ግንብ ጥላ ያለው መቀመጫና ጥርጊያ መንገድ ቢደረግለት፣ ከየትም አገር የሚመጣ አዛውንት ያለ ችግር ሊዞረው ይችል ነበር። ስለዚህ የሚታጠፍ ትንሽ ወንበርና ውኃ ይዞ መሄድን አጥብቄ እመክራለሁ።

ኤረር በር የደረስነው ከጠዋቱ 4 ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በ1855 ወደ ከተማዋ የገባው በዚህ በር እንደሆነ፣ በአሚሩ ፈቃድ ሥር 10 ቀን ያህል ቆይቶ እንደወጣም ሰማን። እዚያው ባጃጅ ይዘን በጀጎል መሀል ወዳለው አደባባይ፣ ወደ ፈረስ መጋላ ወጣን።

በጀጎል ውስጥ ያደረግነው ጉዞ አጭር ነበር፤ ኮብልስቶኑ ለጉልበት አይመችምና ከዚህ በላይ ባናስረዝመው ደግ አደረግን። የልብስ ሰፊዎቹን መኪና ድምፅ ይዞ «መኪና ግርግር» የተባለውን ሰፈር አለፍን፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፈውን ጠባብ መተላለፊያም አየን፤ የተጣሉ ሰዎች እዚያ ሲገናኙ ሳይነጋገሩ መተላለፍ ስለማይችሉ የእርቅ መንገድ ነው ይሉታል። ራምቦ ቤት ስንደርስ አስጎብኚው የተናገረውን በተለይ አከብርለታለሁ፦ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ እ.ኤ.አ. ከ1880 ጀምሮ እስከ 1891 ድረስ ወደ ሐረር እየተመላለሰ በንግድ ቢኖርም፣ ይህ ባለ ቀለም መስታወት ያማረ ቤት ግን እርሱ ከሞተ በኋላ በሕንዳዊ ነጋዴ የተሠራ መሆኑን ሳይደብቅ ነገረን። ጎብኚን ለማስደሰት ሲባል «እዚህ ነበር የሚተኛው» የሚሉ አጋጥመውኛል።

በመጨረሻ የገባነው ለእንግዳ ክፍት ወደሆነ አንድ የሐረሪ ቤት ነው። በቀይ አፈር የተቀባውን ወለልና ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራውን፣ ነደባ የሚባለውን መደብ፣ ግድግዳውንም የሸፈኑትን የስፌት ሥራዎች እያየን፣ ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ጠጣን። እናቴ ከመደቦቹ ዝቅ ባለው ላይ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣ የቤቱን እመቤት ስለ ስፌቱ አክርማ ትጠይቃት ጀመር፤ ጨዋታቸው ግማሽ ሰዓት ወሰደ፤ አስጎብኚው አንድ ጊዜም ሰዓቱን አላየም።

ስለ ክፍያ፦ የእርሱ ዋጋ ከተስማማንበት አልዘለለም፤ የየቤቱ መግቢያ ግን ለብቻው የሚከፈል መሆኑን አስቀድሞ ቢነግረን መልካም ነበር፤ እዚያው ደርሰን ነው ያወቅነው። መጸዳጃ ቤትም በግንቡ ዙሪያ ስለማይገኝ ሸዋ በር አካባቢ ካለ ምግብ ቤት ገብቶ መነሣት ያስፈልጋል። የዓርብ ቀትርን ደግሞ ለስግደት መተው ይሻላል፤ መንገዱም ሱቁም ያን ጊዜ ሌላ ሥራ ላይ ነው።

እናቴ ወደ ድሬዳዋ ስንመለስ ደንገጎ ላይ ሚኒባሱ ቁልቁል ሲታጠፍ ጣቶቿን እየቆጠረች የበሮቹን ስም በሐረሪኛ ደገመችልኝ፤ አምስተኛው ላይ ስትደርስ «አሱም በሪን ግን አላየነውም» አለችኝ። ፈላና በር ቀርቶብናል። ለጥቅምት፣ ዝናቡ አልፎ ሜዳው ሳይደርቅ፣ ያንኑ አስጎብኚ ቀጥረነዋል፤ ከሐረር በር ተነሥተን እስከ ፈላና በር ድረስ፣ አሁንም በእርሷ እርምጃ።