የካፒቶል ጉብኝት፦ የሴኔቱን ታሪክ ፈልጎ ለሚሄድ ሰው

በዋሽንግተን የካፒቶል (የአሜሪካ ኮንግረስ ሕንጻ) የጎብኚዎች ማዕከል የሚሰጠው የማስጎብኘት አገልግሎት በነጻ ነው፤ ወረፋውን አስቀድሞ በኢንተርኔት መያዝ ይቻላል። አቀባበሉ ሥርዓት ያለው፣ አስጎብኚዎቹም ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው። ይሁን እንጂ የሕግ መወሰኛውን ምክር ቤት፣ ማለትም የሴኔቱን፣ ታሪክ ለማወቅ የሚሄድ ሰው በመደበኛው ጉብኝት አይረካም። ጉብኝቱ በአጭር ፊልም ይጀመርና በዋናው ጉልላት ሥር አልፎ የሐውልቶች አዳራሽ ይደርሳል፤ ይህም አዳራሽ ቢሆን የቀድሞው የተወካዮች ምክር ቤት መሰብሰቢያ እንጂ የሴኔቱ አይደለም።

የሴኔቱ ታሪክ በቅርብ የሚታየው ምክር ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1810 እስከ 1859 በተሰበሰበበት በግማሽ ክብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ክፍሉ ከ1860 እስከ 1935 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ችሎት ሆኖ ካገለገለ በኋላ በ1976 ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሷል። ከሰብሳቢው መንበር በላይ ያለው ቀይ መጋረጃና በወርቅ ቀለም የተለበጠው ንስር ዓይን ይስባሉ፤ እኔን ግን ይበልጥ የያዙኝ ተጠጋግተው የተደረደሩት ትንንሽ ዴስኮች ናቸው። ባርነትን በመቃወም ንግግር ያደረጉትን የማሳቹሴትስ ሴናተር ቻርልስ ሰምነርን፣ የደቡብ ካሮላይናው የተወካዮች ምክር ቤት አባል ፕሬስተን ብሩክስ እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 1856 እዚሁ በከዘራ ደብድቧቸዋል፤ ሰምነር ከወለሉ ጋር በተቸነከረው ዴስካቸው ሥር ተይዘው ቶሎ መነሣት አልቻሉም። የቦታውን ጥበት ያየ ሰው ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዝዎ በፊት ይህ ክፍል መካተት አለመካተቱን ይጠይቁ፤ በሴናተር ቢሮ በኩል የሚደረግ ጉብኝት የተሻለ ዕድል አለው።

ሴኔቱ አሁን የሚሰበሰብበትን አዳራሽ ከላይ ሆኖ ለማየት የተለየ የመግቢያ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ይህንንም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪ ከሴናተሮቹ ቢሮ ያገኛል። በዋሽንግተን ከተማ የሚኖረው ወገናችን ግን ሕንጻው ጎረቤቱ ቢሆንም ሴናተር የለውምና፣ በተወካዮች ምክር ቤት ድምፅ የመስጠት መብት ወደሌላቸው ወኪሉ ቢሮ መሄድ አለበት። ይህን ዓይነቱን ነገር አስጎብኚ ባይናገረውም ወረቀቱን ፍለጋ ራሱ ያስተምራል። ስልክ ይዞ ወደ ሰገነቱ መግባት ክልክል ነው። ከታች ከሚታዩት 100 ዴስኮች መካከል 48ቱ በ1819 እያንዳንዳቸው በ34 ዶላር የተገዙ ናቸው፤ አባላቱ በመሳቢያው ውስጥ የቀረጿቸውን ስሞች ግን ከሰገነቱ ማየት አይቻልም።

ይህን ጉድለት የሚሞላው የሴኔቱ የታሪክ ክፍል ድረ ገጽና ከ1774 ጀምሮ ያሉ አባላትን የሚይዘው የኮንግረሱ የሕይወት ታሪክ መዝገብ ነው። መዝገቡ በስም፣ በግዛትና በፓርቲ ይፈተሻል፤ አጻጻፉ ግን እንደ መንግሥት ሠራተኛ የግል ማኅደር ደረቅ ነው። ለምሳሌ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሃይረም ሬቭልስ በ1870 ከሚሲሲፒ ተመርጠው ሲመጡ፣ ሕገ መንግሥቱ ለሴናተር የሚጠይቀውን የ9 ዓመት ዜግነት አያሟሉም ተብለው ተከራክረውባቸዋል፤ የተቃዋሚዎቹ ምክንያት ጥቁሮች ዜጋ የሆኑት ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ነው የሚል ነበር። ሬቭልስ 48 ለ 8 በሆነ ድምፅ ገቡ። ዜግነቱን በቅርቡ ላገኘ አንባቢ ይህ ክርክር ሩቅ አይደለም፤ የ9 ዓመቱ ደንብ ዛሬም አልተለወጠምና። ሙሉ ክርክሩን የሚያገኙት ግን ከሕይወት ታሪክ መዝገቡ ሳይሆን ከኮንግረሱ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው።

ልጆች ይዞ ለሚሄድ ቤተሰብ መደበኛው ጉብኝት ይበቃል። ለሴኔቱ ብለው የሚሄዱ ከሆነ ግን ድምፅ የሚሰጥበትን ቀን መርጠው ይሂዱ፤ በሌላው ጊዜ ብዙውን ሰዓት የሚያዩት አንድ ሴናተር ለባዶ ወንበሮች ሲናገር ነው።