ከታይዋን የገዛሁት ትንሽ ስፒከር፣ በራቬል ሙዚቃ ሲፈተን

ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስፒከር ስትጠይቁ ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ጩኸቱን ነው። እስከ ጥግ ይከፍተዋል፣ ሱቁ ይናወጣል። እኔ ግን «ቀንሰውማ ወንድሜ» አልኩት። አባቴ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነበር፤ ፈረንሳይኛውንም የፈረንሳይ ሙዚቃውንም ቤታችን ያስገባው እሱ ነው። ስለዚህ ስፒከር የምፈትነው በፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ በሞሪስ ራቬል ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መጀመሪያ ቦሌሮን ከፈትኩ። በ1928 ፓሪስ ኦፔራ ላይ ለዳንስ የቀረበ ሥራ ነው፤ ያዘዘችው ዳንሰኛዋ አይዳ ሩቢንስታይን ናት። ትንሽ ከበሮ በጣም በቀስታ ይጀምራል፣ ያ ምት እስከ መጨረሻው አይቋረጥም። ሩብ ሰዓት ያህል ዜማው ከዋሽንት ወደ ክላርኔት፣ ወደ ሳክስፎን እየተላለፈ ድምፁ ይጨምራል። የራቬል አባት ኢንጂነር ነበር፤ ልጁም ፋብሪካ ማየት ይወድ ነበር፣ ቦሌሮንም ከፋብሪካ ጋር ያያይዘው ነበር። በወርክሾፕ ድምፅ ላደግነው የድሬ ልጆች ይህ ወዲያው ይገባናል።

ስፒከሩ የመጀመሪያዋን ከበሮ አልዋጣትም። ሳክስፎኑም ጥርት ብሎ መጣ። መጨረሻው ላይ ግን ሙሉ ድምፅ ስሰጠው ተንጫጫ። ትንሽ ዝቅ ሳደርገው ተስተካከለ።

ትልቁ ጉድለቱ የወጣው በግራ እጅ ኮንቸርቶው ላይ ነው፤ ፒያኒስቱ በግራ እጁ ብቻ ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወተው ሥራ ነው። ራቬል ይህን የጻፈው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀኝ እጁን ላጣው ለኦስትሪያዊው ፒያኒስት ለፖል ዊትገንስታይን ነው። ራሱ ራቬልም በዚያ ጦርነት የጭነት መኪና ሾፌር ሆኖ ዘምቷል። ሙዚቃው ከታች፣ ከወፍራሞቹ መሣሪያዎች ነው የሚነሳው። በእኔ ስፒከር ያ መነሻ የለም ማለት ይቻላል። አሳዘነኝ፤ ያ ጨለማ ካልተሰማ ፒያኖው ሲገባ ምን ያህል እንደሚያስደነግጥ አይታወቅም። ግድግዳ ጥግ ላይ ሳስቀምጠው ባሱ ትንሽ ተሻሻለ፣ አልበቃኝም እንጂ።

በሌላኛው ኮንቸርቶ፣ በ1932 ራሱ እየመራ ማርጌሪት ሎንግ ፒያኖ በተጫወተችበት፣ ስፒከሩ ካሰኝ። በጅራፍ ድምፅ ነው የሚጀምረው፤ ጅራፉ ጯ ብሎ ተሰማ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ፒያኖው ለብቻው ረጅም ጊዜ ይጫወታል። ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳዬ ላይ በዝቅተኛ ድምፅ ስሰማው ሌላ ስፒከር አላማረኝም። ራቬል ከዚያ ወዲያ ብዙም አልጻፈም። የአንጎል ሕመም መጻፍ ነሳው፤ ሙዚቃው ጭንቅላቱ ውስጥ እያለ ወረቀት ላይ ማስፈር አቃተው። በ1937 የአንጎል ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ በ62 ዓመቱ አረፈ። ይህን እያወቅሁ ያንን ፒያኖ ስሰማ ሁልጊዜ ሆዴ ይባባል።

ባትሪው ጎበዝ ነው፤ መብራት በጠፋ ማታ እስክተኛ አገልግሎኛል። ብሉቱዙ ግን ስልኩን ይዤ ጓዳ ስገባ ይቆራረጣል።

ድምፃዊ፣ ሳክስፎን፣ ፒያኖ ለምትወዱ ግዙት። ባስ ፈላጊ ከሆናችሁ ብር ጨምራችሁ ትልቁን ውሰዱ። ካርቶኑንም እዚያው ሱቁ ውስጥ ክፈቱት፤ የእኔ የቻርጀር ገመድ አልነበረውም፣ ሻጩ በማግስቱ ያለ ጭቅጭቅ ሰጥቶኛል።