ቦክሰር፣ አፓቼ ወይስ ያማሃ? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚነዳ አዲስ አሽከርካሪ የመጀመሪያ ሞተር ምርጫ

መንጃ ፈቃዱን ገና የተቀበለ ሰው ሞተር ሳይክል ለመግዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ሲሲ እንደሆነ፣ ቀጥሎም ስንት እንደሚሮጥ ነው። በደሴና በኮምቦልቻ ለሚነዳ ሰው ግን ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ሞተሩ ቁልቁለቱን እንዴት ይወርዳል የሚለው ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲገኙ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ጠመዝማዛ አስፋልት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽርም በዋናነት የተመዘነው በዚህ መንገድ ነው።

የሚነጻጸሩት በአካባቢው በብዛት የሚታዩ ሦስት ምርጫዎች ናቸው። የመጀመሪያው ባለሦስት እግሩን ባጃጅ የሚያመርተው የህንዱ ኩባንያ የሚሠራው ቦክሰር 150 ሲሆን፣ 144.8 ሲሲ ሞተር፣ 12 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ አራት ማርሽ፣ ከፊትም ከኋላም ታምቡር ፍሬን አለው። ሁለተኛው የቲቪኤስ አፓቼ አርቲአር 180 ነው፤ 177.4 ሲሲ፣ 17 የፈረስ ጉልበት ገደማ፣ አምስት ማርሽና ከፊት ዲስክ ፍሬን ያለው ነው። ሦስተኛው ያገለገለ ያማሃ ነው፤ ለግብርናና ለጤና ባለሙያዎች እንዲሁም ለእርዳታ ድርጅቶች የመስክ ሥራ የገቡት ኤጂ 100፣ ኤጂ 200 እና ዲቲ 125 በጨረታ ወይም ከግለሰብ እጅ ይገኛሉ።

ጉልበትን በተመለከተ ፋብሪካው የጻፈው ቁጥር በደሴ አይሠራም። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አየሩ ስለሚሳሳ፣ ማንኛውም ተራ የቤንዚን ሞተር በየ1000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ የቦክሰር 12 የፈረስ ጉልበት ደሴ ፒያሳ ላይ ከ10 በታች ይወርዳል፤ የአፓቼ 17ም ወደ 13 ዝቅ ይላል። በሌላ አነጋገር ደሴ ላይ አፓቼ የገዛ ሰው የሚነዳው በባሕር ጠረፍ ካለ ቦክሰር ብዙም ያልበለጠ ጉልበት ነው፤ ቦክሰር የገዛውም ከኋላው ሰው አሳፍሮ የጦሳ ተራራን ግርጌ ተከትለው ወደ ላይ በወጡት ሰፈሮች ውስጥ ሲጓዝ ከሁለተኛ ማርሽ ብዙ እንደማይወጣ ማወቅ አለበት። ይህ ግን ለአዲስ አሽከርካሪ ጉዳት አይደለም። በሁለተኛ ማርሽ እያጓራ ዳገት የሚወጣ ሞተር ሰውን ያሳቅቅ ይሆናል እንጂ አይጥልም።

ካርቡሬተር፣ ማለትም ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ፣ ያላቸው ሞተሮች በከፍታ ላይ ሌላም ጠባይ ያሳያሉ። ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደሴ ሲደርስ አየሩ ስለሚያንሰው ቤንዚኑ ይበዛበታል፤ ሞተሩ ይታነቃል፤ ካንዴላውም ጥቀርሻ ይለብሳል። ካንዴላው ተፈትቶ ሲታይ ጫፉ ቡናማ ከሆነ ድብልቁ ደኅና ነው፤ ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ግን ማስተካከል ያስፈልጋል። ከኮምቦልቻ ገዝቶ ደሴ የሚያሳድር ሰው ይህን ሳያይ «ሞተሩ ደካማ ነው» ብሎ መፍረድ የለበትም።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ከፊት ጭነት የያዘ ሲኖትራክ፣ ከኋላ የሚቸኩል ሚኒባስ፣ በመታጠፊያው ላይ ደግሞ የሚሻገር ከብት ሊኖር ይችላል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ፍጥነትን መያዝ ያለበት በቅድሚያ ማርሹ ነው፤ ፍሬን የሚታከለው በማርሽ ላይ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ በፎሌ፣ ማለትም ያለ ማርሽ፣ የመውረድ ልማድ በተለይ ለታምቡር ፍሬን ጠላት ነው። ታምቡሩ የሚፈጠረውን ሙቀት ውስጡ ስለሚያፍነው ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል፤ አሽከርካሪውም እጀታው ከወትሮው ጠልቆ እየገባ ሞተሩ ግን እንደማይቆምለት የሚያውቀው መታጠፊያው ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ቦክሰር በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ማርሽ ተይዞ ከወረደ ግን ክብደቱ ቀላል ስለሆነ ፍሬኑ ለአንድ ሰው በቂ ነው። የአፓቼ የፊት ዲስክ ሙቀቱን ወደ አየር ስለሚለቅ በተደጋጋሚ ሲያዝ ቶሎ አይደክምም፤ ሰው አሳፍሮ በየቀኑ ለሚመላለስ ሰው ይህ ልዩነት የሚከፈልበት ልዩነት ነው። በአንጻሩ የአፓቼ መሪ ዝቅ ያለ፣ የእግር መርገጫውም ወደ ኋላ የተሳበ በመሆኑ ቁልቁለት ላይ የሰውነት ክብደት በሙሉ መዳፍ ላይ ይወድቃል። ጀማሪ ሲደነግጥ ደግሞ የሚጨብጠው መዳፉን ነው፤ ዲስክ በእርጥብ አስፋልት ላይ በድንገት ሲጨበጥ የፊት ጎማውን ያስሸርተታል። ፀረ-መንሸራተቻው ኤቢኤስ የተገጠመለት አፓቼ ከተገኘ ለዚህ መፍትሔ ስለሚሆን ጥቂት ጨምሮ እሱን መግዛት ይሻላል።

የያማሃ ጉዳይ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም «ያማሃ ከሆነ አትጠይቅ» የሚለው ምክር ለመንገዱ ዓይነት አይጠነቀቅም። ኤጂ 100 እና ዲቲ 125 ቱ ስትሮክ ናቸው፤ ማለትም ማለስለሻ ዘይታቸውን ከቤንዚን ጋር አብረው ያቃጥላሉ። ዘይቱን የምትልከው ትንሽ ፓምፕ የምትሠራው በአብዛኛው አሽከርካሪው ነዳጅ በሰጠ ልክ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ነዳጅ መስጫው ተዘግቶ ማርሹ ሞተሩን በኃይል ሲያሽከረክረው ፒስተኑ ብዙ ይመላለሳል፤ የሚደርሰው ዘይት ግን ጥቂት ነው። ይህ ሲደጋገም ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ጋር ሊነካከስና የኋላ ጎማው በድንገት ሊቆለፍ ይችላል። ልምድ ያለው ሰው በየመሐሉ ፍሪሲዮን ይዞ ጥቂት ነዳጅ እየሰጠ ይወርዳል፤ ጀማሪ ግን ማርሹን፣ ፍሬኑንና መንገዱን ሲያስብ ይህን አራተኛ ነገር እንዲያስታውስ መጠበቅ ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያ ላይ የቱ ስትሮክ ሞተር በማርሽ የመያዝ ኃይሉ ከሌላው ያነሰ ነው። ኤጂ 200 ግን ፎር ስትሮክ በመሆኑ፣ ማለትም ዘይቱ ከቤንዚኑ ተለይቶ ሞተሩ ውስጥ ስለሚዞር፣ ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው፤ ካቴናው በሽፋን ውስጥ ስለሚዞርም ጭቃና አቧራ አይጎዳውም፤ በግራም በቀኝም ማቆሚያ አለው። ወደ ደሴ ዙሪያ የገጠር ቀበሌዎች በጠጠርና በጭቃ መንገድ ለሚመላለስ የመስክ ባለሙያ ከሦስቱ ምርጫዎች የሚበልጠው እሱ ነው፤ ችግሩ በደኅና ይዞታ ላይ ያለውን ማግኘት ነው።

ቁመትና ክብደት በወረቀት ላይ ሳይሆን በዳገት ላይ ይፈተናሉ። ዳገት ላይ ቆሞ ለመነሣት ቀኝ እግር የኋላ ፍሬኑን ስለሚይዝ መሬት የሚረግጠው ግራ እግር ብቻ ነው፤ ስለዚህ «ሁለቱም እግሮቼ ይደርሳሉ» ማለት አይበቃም። የቦክሰርና የአፓቼ መቀመጫ ከ80 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይርቅም፤ ዲቲ ግን ከዚያ ከፍ ይላል። አጭር ሰው ዲቲ ላይ ተቀምጦ በጣቱ ጫፍ ሲንጠለጠል ደላላው «አብሽር፣ ትለምደዋለህ» ይለዋል፤ ከፍታ ግን በመልመድ ዝቅ አይልም። አፓቼ 140 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝን ከቦክሰር በ20 ኪሎ ገደማ ይከብዳል። ልዩነቱ ሲነዱት ባይታወቅም ወድቆ ሲያነሡት ይታወቃል፤ ጀማሪ ደግሞ አንድ ቀን መጣሉ አይቀርም።

ክረምት ላይ የደሴ ጉምና ዝናብ፣ የእርጥብ ኮብልስቶንም ነገር ይታሰብ። ጥርሳም ጎማ ያላቸው ያማሃዎች በጭቃ ላይ ጥሩ ቢሆኑም በእርጥብ ኮብልስቶን ላይ መሬቱን የሚነኩት በጥርሶቻቸው ጫፍ ብቻ ስለሆነ ይንሸራተታሉ። ለከተማ ከተገዙ ጎማው ይቀየር። ኮምቦልቻ ውስጥ መሬቱ ሜዳ፣ አየሩም ሞቃት በመሆኑ ይህ ጭንቀት ይቀንሳል፤ በምትኩ ከጅቡቲ መስመር የሚመጡና የሚሄዱ ከባድ መኪኖች ስላሉ የኋላ መመልከቻ መስታወትና ፍሬቻ የግድ ይሠሩ።

በነዳጅ በኩል ቦክሰር ይቆጥባል፤ አፓቼ ይከተላል፤ ቱ ስትሮኮቹ ከቤንዚኑ ሌላ ዘይትም ይገዛላቸዋል። ቤንዚን ወረፋ በሚያስይዝበት ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የቦክሰር መለዋወጫ በሁለቱም ከተሞች በቀላሉ ይገኛል፤ ጠጋኙም እጁን አፍታትቶበታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ሳይክልም ለኮምቦልቻ ሜዳ መልካም ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ወደ ደሴ የሚወጣው ዳገት ባትሪውን ፈጥኖ ስለሚበላ፣ በየቀኑ ከተማ ለከተማ ለሚመላለስ ሰው ሻጩ የሚናገረውን የኪሎ ሜትር ብዛት በሜዳ የተለካ አድርጎ መቁጠር ይገባል።

እንግዲህ በእኔ ሚዛን ደሴ ውስጥ ለሚኖርና ለሚሠራ ጀማሪ ቦክሰር 150 ተመራጭ ነው። ደሴ አድሮ ኮምቦልቻ የሚሠራ፣ በተለይም ከኋላው ሰው የሚያሳፍር፣ አፓቼን ቢመርጥ አልቃወምም፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹን ወራት ብቻውን ቢነዳ ይመረጣል። ኮምቦልቻ ውስጥ ለሚውል፣ አልፎ አልፎም ወደ ሐርቡ ወይም ወደ ባቲ ለሚወጣ ሰው ሁለቱም ይሆናሉ፤ በዋጋው ይወስን። ቱ ስትሮክ ያማሃን ለመጀመሪያ ሞተርነት ለማንም አልመክርም።

ያገለገለ የሚገዛ ሰው ሻጩን «ሞተሩን ሳታስነሣ ጠብቀኝ» ማለት አለበት። የሞቀ ሞተር ብዙ ችግር ይሸፍናል። እጅን ማርሚታው ላይ አስጠግቶ ቀዝቃዛ መሆኑን ማረጋገጥ፣ ከዚያም ማስነሣትና ጭሱን ማየት ነው፤ ፎር ስትሮክ ሞተር ሰማያዊ ጭስ ካወጣ ዘይት እየበላ ነው፤ ቱ ስትሮክ ግን ሲነሣ ጥቂት ቢያጨስ ጠባዩ ነው። የፊት ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋት የመሪውን አንገት መላላት ያሳያል። የፊት ሞላዎቹ ላይ ጣትን ማሳለፍ፤ ዘይት ከያዘ ጎሚኒው አልቋል። በመጨረሻ የፍሬኑ ነገር በቃል ሳይሆን ጥቂት ቁልቁለት ላይ ተነድቶ ይታይ።

ዋጋ ከተስማሙ በኋላ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር በፊደልም በቁጥርም ይመሳከር። ከድርጅት የወጣ ያማሃ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባ መሆን አለመሆኑን ማጣራት ያስፈልጋል፤ ቀረጡ ካልተከፈለ ስም ማዛወር ያስቸግራል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ሄልሜት ከሞተሩ ዋጋ ጋር በአንድ ላይ ይታሰብ እንጂ ለወር ደመወዝ አይተው፤ አገጭን የሚሸፍነው ዓይነት ለጠዋት ብርድም ይረዳል፤ በደሴ ጉም ግን መስተዋቱ እንፋሎት ስለሚይዝ በጥቂቱ ከፈት ብሎ የሚቆም መሆኑ ሱቁ ውስጥ ይሞከር።