ሁለት ገንዳ ማጠቢያ ማሽን በደሴ ክረምት፦ መጭመቂያው ከ14 ወር በኋላ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጭጋጉ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ደሴን ሲሸፍን ገመድ ላይ የተሰጣ ጋቢ ሦስት ቀን ሰንብቶም እርጥብ ነው፤ ከዚያ በኋላ መሽተት ይጀምራል። ስለዚህ እዚህ አገር ሁለት ገንዳ ማሽን የሚገዛው ለማጠቢያው ሳይሆን ለመጭመቂያው ነው፤ ብዙ ሰው «ማድረቂያ» ለሚለው ጠባብ ገንዳ። ማጠቡንማ እጅም ይሠራዋል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ሙሉ አውቶማቲኩ ግፊት ሲያጣ መሐል ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ይሄኛው በጀሪካን ይሞላል።

ይህ ማሽን ሁለት ክረምት አሳልፎ ማጠቢያው በኩል ምንም አልተነካም። መጭመቂያው ግን ሦስት ነገር አስቀይሯል ወይም አስጠግኗል፦ የፍሬን ካቦ፣ ካፓሲተር (ሞተሩን የሚያስነሳው) እና የዘንጉ ጎሚኒ (ውሃ የሚከለክለው ጎማ)። ሦስቱም ቤት ውስጥ የሚሠሩ ናቸው። «ሞተሩ ተቃጥሏል» የሚባለው ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት እነዚህ ይታዩ።

ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት ሶኬቱ ይነቀል። የጀርባው ክዳን በጥቂት ብሎን የተያዘ ነው፤ ባለመስቀል ካቻቢቴ ይበቃዋል። ሲከፈት ከታች ሁለት ሞተር ይታያል። በመጭመቂያው በኩል ያለው በሦስት ሞላ ላይ የተቀመጠ ሲሆን፣ አናቱ ላይ የፍሬን ከበሮ፣ ከጎኑ ደግሞ በካቦ ከላይኛው ክዳን ጋር የተያያዘ ክንድ አለ። ክዳኑ ሲዘጋ ካቦው ክንዱን ይስባል፣ ፍሬኑ ይለቃል። ካቦው ከወራት በኋላ ሲረዝም ፍሬኑ ግማሽ ብቻ ይለቃል፤ ሞተሩ እየታሸ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። ምርመራው ቀላል ነው፦ ክዳኑ ተዘግቶ ከበሮውን በእጅ ማዞር። ከከበደ ክንዱን በሌላው እጅ ስቦ እንደገና መሞከር፤ አሁን ከቀለለ ጥፋቱ የካቦው ነው። ማያያዣው ብዙ ቀዳዳ ስላለው አንድ ቀዳዳ ማሳጠር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ክዳኑ ሲዘጋ በፍሬኑና በከበሮው መካከል የሳንቲም ውፍረት ያህል ክፍተት ይኑር። ካቦው ከልክ በላይ ከጠበቀ ደግሞ ክዳኑ ሲከፈት ፍሬኑ ስለማይይዝ ገንዳው አይቆምም። ከ10 ሰከንድ በላይ እየተሽከረከረ ከቆየ ፍሬኑ ልል ነው፤ ልጅ ያለበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም።

ከበሮው በነፃ እየዞረ ሞተሩ ግን እያጉረመረመ የማይነሳ ከሆነ ተራው የካፓሲተሩ ነው። እዚህ ማሽን ላይ ለሁለቱም ሞተር የሚያገለግል አንድ ባለ ሦስት ሽቦ ካፓሲተር ነው ያለው፤ አንዱ ሽቦ የጋራ፣ አንዱ የማጠቢያው (10 ማይክሮፋራድ)፣ አንዱ የመጭመቂያው (5 ማይክሮፋራድ)፣ 450 ቮልት። ከተነቀለም በኋላ ቻርጅ ይዞ ስለሚቆይ ጫፎቹን በአምፖል ማራገፍ ያስፈልጋል። በቴስተር ሲለካ የመጭመቂያው ወገን ከ4 ማይክሮፋራድ በታች ካሳየ ይቀየር። ገበያ ላይ «ትልቁ ይሻላል» የሚል አይጠፋም፤ አይሻልም፣ ሞተሩን ያግላል። ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር አንድ ዓይነት ይሁን። ሽቦው ከመቆረጡ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ፣ መገጣጠሚያው በናስትሮ በደንብ ይጠቅለል፤ እርጥበት እዚያ ድረስ ይደርሳል።

አዲስ ካፓሲተር ተገጥሞም ማታ ማታ ካልተነሳ መብራቱን መጠርጠር ነው። የሞተር መነሻ ጉልበት በቮልቴጁ ካሬ ስለሚወርድ፣ 220 መሆን የሚገባው 155 ሲሆን ጉልበቱ ግማሽ ይቀራል። መብራት ሲደክም አለመጭመቅ ይሻላል።

ጎሚኒው የማሽኑ እውነተኛ ድክመት ነው። የገንዳው ዘንግ የሚያልፍበት ይህ ጎማ ሲበላ ውሃ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ይንጠባጠባል፣ ኩሽኔታው ይዝጋል፣ ከዚያ ጩኸት ነው። ከማሽኑ ሥር ትንሽ ውሃ እንደታየ መቀየር ሞተር ያድናል። ከከበሮው ላይ ያለው ብሎን በ10 ቁጥር ቁልፍ ይላላል፣ ገንዳው ወደ ላይ ተስቦ ይወጣል። ዘንጉ ላይ የዝገት ቀለበት ካለ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ማለስለስ ግድ ነው፤ አለበለዚያ አዲሱን ጎሚኒ በሳምንታት ይበላዋል። የጎሚኒው ከንፈር ውስጥ ግራሶ ይቀባል። ሲመለስ ብሎኑ ዘንጉ ላይ ባለው ጠፍጣፋ ፊት ላይ በትክክል መቀመጥ አለበት፤ ክቡ ላይ ከጠበቀ ለጊዜው ይይዛል፣ በሁለተኛው እጥበት ያንኳኳል።

የዚህ ሁሉ ጉዳት ዋና ምንጭ አጫጫኑ ነው። ጋቢ እንደተጠቀለለ ከተወረወረ አንድ ወገን ከብዶ ገንዳው ግድግዳውን ይደበድባል፣ ሞላውም ጎሚኒውም ይጎዳል። በርዝመቱ እንደ መቀነት አጥፎ፣ መሐሉን ባዶ ትቶ ዙሪያውን ከታች ወደ ላይ መጠምጠም፣ ከላይ የፕላስቲኩን ክብ መጫኛ መድፋት። በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች መንቀጥቀጡ ካልበረደ አቁሞ እንደገና ማደላደል። ሦስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ከቱቦው የሚወጣ ውሃ የለም። ቡልኮ ግን አይሞከርም፤ ውሃ ሲጠጣ ክብደቱ ከገንዳው አቅም በላይ ነው።

ከጀርባ የሚወጣው የምድር ሽቦ ብዙ ቤት ተጠቅልሎ ተንጠልጥሎ ይታያል። ወለሉ እርጥብ ነውና ይገናኝ። ባለ 5 ደቂቃው ሰዓት ቆጣሪ እስካሁን አልተበላሸም፤ ወደኋላ ካልተጠመዘዘ ጥርሱ ይቆያል።