የማንጋ ገጸ ባሕርያት አነጋገር ከየት መጣ? የሳቶሺ ኪንሱይ መጽሐፍ ዳሰሳ

በጃፓን የሥዕል ታሪኮች፣ በማንጋ፣ አንድ ገጸ ባሕርይ መልኩ ሳይታይ ከአነጋገሩ ብቻ ሽማግሌ ሳይንቲስት፣ የባለጸጋ ልጅ ወይም ባላገር መሆኑ ይታወቃል። የቋንቋ ምሁሩ ሳቶሺ ኪንሱይ ይህን «ያኩዋሪጎ»፣ ማለትም የሚና ቋንቋ፣ ብለው ሰይመው በ2003 እ.ኤ.አ. የጻፉት መጽሐፍ በ2017 «ቨርቹዋል ጃፓኒዝ» በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ወጥቷል።

የመጽሐፉ ብርታት፣ እንዲህ ያለው አነጋገር በዕለት ተዕለት ኑሮ እምብዛም የማይሰማ ሆኖ ሳለ ጃፓናዊ ሁሉ እንዴት ሊያውቀው እንደቻለ ዱካውን እየተከተለ ማሳየቱ ነው። ከሁሉ የሚልቀው ስለ ሴቶች አነጋገር የሚያትተው ምዕራፍ ነው። ዛሬ በማንጋ የቅምጥል ልጃገረድ መለያ የሆኑት «ተዮ» እና «ዳዋ» የተባሉ የዓረፍተ ነገር መዝጊያዎች በሜጂ ዘመን (ከ1868 እስከ 1912) የሴት ተማሪዎች ፈሊጥ ነበሩ፤ ደራሲው ኦዛኪ ኮዮ በ1888 አጥብቆ የነቀፈው ይኸው አነጋገር በልብ ወለድና በልጃገረዶች መጽሔቶች አልፎ የጨዋነት ምልክት ሊሆን በቅቷል። በ1970ዎቹ ታዋቂ በነበረው «ኤስ ኦ ኔራኤ» የተሰኘ የቴኒስ ማንጋ ውስጥ ፀጉሯን የጠቀለለችው ኦቾ ፉጂን የዚህ አነጋገር ወራሽ ናት።

የወንዶቹ ክፍል አጠር ቢልም ለአማርኛ አንባቢ የተለየ ጣዕም አለው። እኛ ጾታን የምንለየው በምናነጋግረውና በምናወራለት ሰው ነው፤ «እኔ» ባዩ ወንድ ይሁን ሴት ከቃሉ አይታወቅም። በማንጋ ግን «እኔ» ለማለት «ኦሬ» የሚለው ደፋር ወንድ፣ «ቦኩ» የሚለው ደግሞ ለስለስ ያለ ልጅ ሆኖ ይሳላል፤ «ቦኩ» የምትል ልጃገረድም ሆን ተብላ ከተለመደው ወጣ እንድትል የተቀረጸች ናት። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ማንጋ ብቻ የሚያነብ ሰው ይህ ሁሉ ያመልጠዋል።

ጉድለት አይታጣም። ኪንሱይ በመጨረሻው ምዕራፍ ለቻይናውያን ገጸ ባሕርያት የሚሰጠውን «አሩ» የሚል መዝጊያ ከዮኮሃማ ወደብ የንግድ ቋንቋ ጋር እያያያዙ ከጀርባው ያለውን ንቀት ያነሳሉ። ለሴቶቹ ግን ያን ያህል አልጠነከሩም፤ በእኔ አስተያየት እውነተኛ ሴቶች በዚህ ልብ ወለዳዊ አነጋገር ሲመዘኑ ምን እንደሚደርስባቸው ሰፋ ያለ ቦታ ይገባው ነበር።

ጃፓንኛ ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ምሳሌዎቹ ሊያደክሙት ስለሚችሉ መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር ከማንበብ ይልቅ ከሴቶቹ ምዕራፍ ቢጀምር ይሻለዋል፤ ጥቂትም ቢሆን ቋንቋውን ለሚማር የማንጋ አንባቢ ግን መጽሐፉ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባ ነው።